ሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር በሰላም አርፈዋል

በደሌን መጀመሪያ ላስመዝግብ። ትርሲት ለቅሶዬ ላይ አልመጣችም።

አዎ፣ ለቅሶዬ ላይ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ዛሬ ጠዋትም ቁርሴን ደህና አድርጌ በልቻለሁ። ቢሆንም ዙሪክ ውስጥ፣ ሽዋመንዲንገን በሚባለው ሰፈር፣ በልጄ ቤት፣ እኔ በምቀመጥበት ሶፋ ላይ ተለቅሶልኛል። ሰው ከኡስተር መጣ። ከሽሊረን መጣ። ስሜን አስተካክሎ የማይጠራ ሁሉ ሳይቀር መጥቶ ደረቱን መታ። የዘመናት ጓደኛዬ ትርሲት ግን ከጄኔቫ ባቡር ተሳፍራ መምጣት አቃታት። «አልሞትሽም እኮ» እንዳትሉኝ። አለመሞቴን እሷ አታውቅም ነበር። ሞታለች ብሎ አምኖ የቀረ ሰው፣ ሟቿ በሕይወት ስለተገኘች ብቻ ነጻ ሊወጣ አይችልም። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ፍርድ ግን በክፍል አይለካም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ ካልጀመርኩት ልጄ ሐና ራሷን ነጻ አድርጋ ታወራዋለች።

እዚህ አገር ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው ስለ ፌሪየን ነው። ፌሪየን እረፍት ማለት ነው ይላሉ። እኔ እንዳየሁት ግን ሥራን ትቶ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ ማለት ነው። ሐና አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ ላሳርፍሽ ነው» አለችኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«የት ነው የምታሳርፊኝ?»

«ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ። በሜክሲኮ በኩል ከዳርቻው በጀልባ የሚገባባት ትንሽ ደሴት አለች። መኪና የላት፣ ጩኸት የላት።»

ሰላማዊ የሚለውን ስም አመንኩት። በዕድሜዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ ካርታ ላይ የተጻፈ ውሸት ግን ሲያጋጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አማቼ ዳዊት ትራም ነጂ ነው፤ ፈቃድ ስላላገኘ ቤት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ሐና፣ የልጅ ልጄ ሜላትና እኔ ሄድን። የአውሮፕላኑን ነገር አላነሳውም፤ ወንበሩ ላይ የተጣጠፈው ጉልበቴ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም።

ደሴቲቱ እውነትም ትንሽ ናት። በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰውን በሌላው ጫፍ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። እንዲህ ያለች ደሴት ላይ ምን ይሠራል ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ እኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከውቅያኖሱ ጋር መተዋወቅ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጫማዬን እንደተጫማሁ፣ እግሬን ነከር ላደርግ ቀረብኩ። ሰላማዊው ውቅያኖስ ሩቅ ሆኖ አየኝ፤ ተንደርድሮ መጣና በቂጤ አስቀመጠኝ። ሲመለስም አንድ ጫማዬን ይዞ ሄደ። ሁለቱንም ቢወስድ ሌባ ነው ብዬ እተወው ነበር። አንዱን ብቻ መውሰድ ግን ተንኮል ነው፤ እሱም አያደርገው፣ እኔም አላደርገው።

ቀጥሎ ካያክ ነው። ካያክ ማለት የኋላው ሰው በፊተኛው ግራና ቀኝ እግሩን የሚዘረጋባት፣ እንደ ባቄላ ገለባ የጠበበች ጀልባ ናት። ሜላት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን መቅዘፊያ ተሰጠን። ሜላት እዚያው ዙሪክ ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ ያለችግር ይሄድና ድንገት ጀርመንኛ ውስጥ ይገባል፣ በተለይ ስትደነግጥ።

«ኦማ፣ ሊንክስ! ሊንክስ!» ትላለች።

«እማማ በይኝ! ኦማ አይደለሁም!»

«እማማ፣ ሊንክስ!»

«ሊንክስ ምንድን ነው? በአማርኛ ንገሪኝ!»

«ረሳሁት! ቀኝ ያልሆነው!»

«ግራ ነው! ብንሰጥምም በአማርኛ ነው የምንሰጥመው!»

ግራ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ እንደ ወፍጮ ስንዞር ቆየን። ዳር የቆሙት ፈረንጆች ልዩ ስልት መስሏቸው አጨበጨቡልን።

ከዚያ ደግሞ ፊት ላይ መነጽር፣ አፍ ውስጥ ቧንቧ አድርጎ ዓሣ ማየት አለ። ሕጉ አንድ ነው፤ አፍን ዘግቶ ቧንቧውን መንከስ። አንድ ትልቅ ዓሣ ትንንሾቹን እያሳደደ ከሚበሉበት ሲያባርራቸው አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም የሚል አፍ አልፈጠረብኝም። «አንተ! ተዋቸው!» አልኩ። የውቅያኖሱን ግማሽ ጠጣሁ። ሐና ጀርባዬን እየመታች፣ «እማዬ፣ የዓሣ ጠብ ውስጥ ምን አገባሽ?» አለችኝ። ምን አገባሽ በሚባል ጥያቄ ስንት ግፍ እንደተሸፈነ ልጄ አታውቅም።

ዋናው ጉዳይ የኤሊዎቹ ነው። ደሴቲቱ ላይ የባሕር ኤሊ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ሲፈለፈሉ፣ የደሴቲቱ ጠባቂ ጎብኚውን ሰብስቦ ሕፃናቱ ኤሊዎች ወደ ውሃው ሲሄዱ ያሳያል። እጅን መዘርጋት ክልክል ነው። ሕፃናቱ ሳንቲም ቢያህሉ ነው፤ በዚያች እግራቸው አሸዋውን እየቧጠጡ ሲሄዱ አንጀት ይበላሉ። ከላይ ደግሞ ክንፉ እንደ ማጭድ የታጠፈ ጥቁር ወፍ ያንዣብባል። ወርዶ አንዱን ለቅሞ ሄደ።

«ሐና፣ ሰውዬውን ምን እየጠበቀ ነው በይው።»

ሐና ጠየቀችው። «ተፈጥሮ ነው፣ ጣልቃ አይገባም ይላል እማዬ።»

«ተፈጥሮ? አንዱ ክንፍና መንቁር አለው፤ አንዱ ገና ተወልዶ እግሩን ከእጁ አልለየም። ይህ ምን ዓይነት ውድድር ነው? ኤሊውን አትንኩ ነው ያለው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ስለ ወፉ ምን አለ?»

ሐና ነገሬ ገብቷት «እማዬ፣ እባክሽ...» ስትል እኔ ሄጃለሁ። በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በአንድ እጄ ነጠላ፣ በአንድ እግሬ ጫማ፣ ከኤሊዎቹ ጋር እኩል ወደ ውሃው ሮጥኩ። «ሂድ! ሂድ ከዚህ! ዓይንህ ይፍሰስ!» ወፎቹ አማርኛ ባያውቁም ቁጣ ያውቃሉ፤ ሸሹ። ጠባቂው ፊሽካውን ነፋ። አንዲት ጀርመናዊት ባርኔጣዋን አውልቃ ከጎኔ ቆመች፤ ቀጥሎ ባሏ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ጠባቂው ፊሽካውን ሲነፋ ቆይቶ ሳቅ አሸነፈው። በበነጋው የደሴቲቱ ሴቶች የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተው አንገቴ ላይ አደረጉልኝ። የኤሊዎቹ አያት ብለውኛል አለች ሐና። በዚህ ዕድሜዬ ሹመት አገኘሁ።

አሁን ወደ ሞቴ ደርሰናል።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ በሁለት ዘንባባ መካከል ከታሰረ የመረብ አልጋ ላይ ወጣሁ። መውጣት ቀላል ነው፤ መውረድ ሌላ ሰው ይፈልጋል። እንደተጠመደ ዓሣ ተጠቅልዬ፣ ነጠላዬን እስከ አገጬ ስቤ፣ ጉንጉኔን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እጄን በላዩ አጣምሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሜላት ፎቶ አነሳችኝ።

«እማማ፣ ፎቶሽን ለቤተ ክርስቲያን ግሩፕ ልላክ? ሁሉም እንዴት ናቸው ብለው ጠይቀዋል።»

የእህቶች ግሩፕ ማለቷ ነው። ጉባኤያችን ትንሽ ናት፤ የአንዱ ጉንፋን የሁሉም ጸሎት ነው።

«ላኪ። ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«'አያቴ ፓሲፊክ ጋ እረፍት ናት'።»

«ፓሲፊክ ምንድን ነው? ሰላማዊ ውቅያኖስ በይ። ደግሞ ስለ አያት 'ናት' ተብሎ ይጻፋል? ምን ዓይነት ያልተቀጣች ልጅ ናት ይሉሻል። በአክብሮት ጻፊ። አርፈዋል በይ።»

«አርፈዋል። በጥሩ ሁኔታ?»

«በሰላም በይ፣ ያምራል።»

እንግዲህ የጻፈችው ይህን ነው። አያቴ ሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር በሰላም አርፈዋል። እኔው ፊደል በፊደል አስጻፍኩት። ሰው በጥይት ይሞታል፣ በበሽታ ይሞታል፤ እኔ በአክብሮት ሞትኩ። «አርፋለች» ብትል ቢያንስ ተኝታ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ይገኝ ነበር።

መልእክቱ እንደሄደ ነፋስ ተነሳና የደሴቲቱ ኔትወርክ ጠፋ። እኛ ግድ አልሰጠንም። ለማረፍ አይደል የመጣነው?

የዙሪኩን ነገር የሰማሁት በኋላ ነው፤ ከብዙ አፍ ሰምቼ አስተካክዬ እነግራችኋለሁ። መልእክቱ ከፎቶው ጋር ደረሰ። ዓይኗ የተጨፈነ፣ ነጭ የለበሰች፣ አበባ የታቀፈች አሮጊት። የኡስተሯ ዘነበች ቀድማ ከፈተችው፤ ባሏ ከሥራ ሲገባ ወለል ላይ አገኛት። ሐና ጋ ቢደውሉ ስልኳ አይሠራም። በኀዘን አጥፍታው ነው አሉ። ዳዊት ግሩፑ ውስጥ የለም። ስለዚህ መርዶውን እንደ ወጉ ገና ሳይነጋ ሊነግሩት ፓስተሩን ይዘው መጡ። ዳዊት የትራም ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ሲል በሩን ከፈተ።

«ዳዊት፣ ተቀመጥ» አለው ፓስተሩ።

«ሥራ እየረፈደብኝ ነው ፓስተር። በሰላም ነው?»

«ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሣ።»

«ምን ነሣ?»

ፎቶውን አሳዩት። አለቀሰ ይላሉ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ልጄን ካገባ ወዲህ ከልቤ የወደድኩት ይህን ስሰማ ነው።

ቤቱ ሞላ። ድንች ወጥ የያዘ፣ ዳቦ የያዘ፣ መዝሙር የያዘ መጣ። ከታች የምትኖረው የአገሬው ተወላጅ ጎረቤታችን «ሩሄ! ሩሄ!» እያለች ወጣች። ጸጥታ ማለቷ ነው። ምን እንደሆነ ሲነግሯት እሷም አለቀሰች፤ ወርዳ ኬክ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ዳዊትን ወደ ጥግ ወስዳ፣ በትሕትና፣ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል የማክሰኞው የእኔ ተራ ክፍት መሆን አለመሆኑን ጠየቀችው። እዚህ አገር ሰው ይሞታል፤ ተራ አይሞትም።

ፓስተሩም ስለ እኔ ተናገረ። «እናታችን ትሑት ነበሩ፤ ዝምተኛ ነበሩ፤ ከሰው ጋር ክርክር የማይወዱ ነበሩ» አለ። ዳዊት ያን ጊዜ ለቅሶውን አቁሞ ቀና ብሎ አየው አሉ። ሌላ ሰው ሞቶ ይሆን ብሎ ይሆናል።

በደሴቲቱ በኩል ነፋሱ ሲበርድ፣ ማንጎ ልንገዛ በጀልባ ወደ ዳርቻው ከተማ ተሻገርን። ሐና ወደቡን እንደረገጠች ስልኳ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ከፈተችው፤ የሴቶች ዋይታ ከውስጡ ወጣ። ፊቷ አመድ መስሎ ዳዊት ጋ ደወለች።

«ዳዊት! ማን ነው የሞተው?»

«ሐንዬ... አይዞሽ... እማማ...»

«እማዬ ምን ሆነች? እዚህ አጠገቤ ማንጎ እየበላች ነው!»

«የቷ እማማ?»

ስልኩን ተቀበልኳት። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለሟቿ ሲረዳ ግን ተሰምቶ አይታወቅም። «ዳዊት፣ እኔ ነኝ። ማነው ከኋላህ የሚጮኸው?» አልኩ። ዳዊት ድምፄን ለቤቱ ሁሉ ከፈተው። ዘነበች እንደገና ወደቀች። አንዷ «ሃሌ ሉያ! ተነሡ! ተነሡ!» አለች። ሌላዋ «ፓስተሩ እንኳ ዝምተኛ ነበሩ ብለውልዎት ነበር!» አለች። ፓስተሩ «ተአምር ነው!» አለ።

«ተአምር አይደለም፣ ማንጎ ነው» አልኩ። «ደግሞ ፓስተር፣ ዝምተኛ ነበሩ ብለሃል አሉ። በጌታ ቤት አይዋሽም።»

ለቅሶው ሳቅ ሆነ። እኔም ስቄ፣ ወዲያው አንድ ነገር ማወቅ አማረኝ። እናንተም ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ለሟች አይሰጥም።

«ማን ማን መጣ?» አልኩ።

ዘረዘሩልኝ። የሽሊረኖቹ ከነልጆቻቸው። ኩርፊያ ላይ የነበርነው የመዘምራኑ እናት ሳይቀሩ። ከጄኔቫም መጥተዋል፤ ዲፕሎማት ቤት የሚሠሩት ሴቶች እንደምንም ፈቃድ ለምነው።

«ትርሲትስ?»

«ነገ ትመጣ ይሆናል» አለ ዳዊት። እኔ ከሞት ተነስቻለሁ፣ ነገ ምን ልታደርግ?

ከዚያ በኋላ ማንጎው አልጣመኝም። በመጨረሻው ቀን ዓሣ ነባሪ ልናይ በጀልባ ወጣን። አዳራሽ የሚያህል ፍጡር ከባሕሩ ሥር ብቅ ብሎ እፍ አለ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ ተቃቀፈ። ሜላት «እማማ፣ አየሽው?» ብላ ክንዴን ጨበጠችኝ። አየሁት። ይህን የሚያህል ፍጡር ከውቅያኖስ ወለል ተነስቶ እኔን ሊያይ ሲመጣ፣ ትርሲት ከጄኔቫ ዙሪክ መምጣት አቃታት ብዬ አሰብኩ።

ሳቁን ትቼ እውነቱን ልንገራችሁ። እኔና ትርሲት ጄኔቫ የደረስነው በወጣትነታችን፣ ጎረቤት ለጎረቤት ባሉ የዲፕሎማት ቤቶች ተቀጥረን ነው። እኔ ኋላ ሜላትን ላሳድግ ወደ ዙሪክ መጣሁ፤ እሷ እዚያው ቀረች። እናቷ አገር ቤት ስትሞት መሄጃ ወረቀት አልነበራትም፤ ቀን ሥራችንን ሠርተን ማታ ማታ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ አብሬያት ተቀምጫለሁ። ለቅሶ ብድር ነው ይባላል። እኔን ያስፈራኝ ግን ብድሩ አልነበረም። ሰው ከሞተ በኋላ ማወቅ የማይችለውን ነገር እኔ አወቅሁት መሰለኝ፤ ለእኔ እሷ የሆነችውን ያህል እኔ ለእሷ አልነበርኩም ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ይህን ይዞ መኖር ከመሞት ይከብዳል።

ዙሪክ ስንመለስ ደወለች። አላነሳሁም። ደጋግማ ደወለች። ለቅሶ በስልክ አይደረስም። የማክሰኞ ተራዬን ከጎረቤቴ አስመለስኩ፤ ፓስተሩን በጉባኤ ፊት ቃሉን አሳረምኩት፤ «ተከራካሪ ነበሩ፣ ናቸውም» አለ፣ ሰው ሁሉ አሜን አለ። አንድ ክስ ብቻ ቀረኝ። ጥሩ ጫማዬን ተጫምቼ ወደ ጄኔቫ በባቡር ሄድኩ።

የምትሠራበትን ቤት ዋና በር ደወልኩ፤ ማዳሟ ራሷ ከፈተችልኝ። የተረፈችኝን ፈረንሳይኛ ሰብስቤ ጥቂት አነጋገርኳት። ከዚያ በጓሮ በኩል ዞሬ የወጥ ቤቱን በር አንኳኳሁ። ትርሲት ሽርጥ እንዳገለደመች ብቅ አለች። አየችኝ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለቅሶዬ ላይ ለምን አልመጣሽም?» አልኳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንደምን ዋልሽ አይቀድምም?»

«ለሞተ ሰው እንደምን ዋልሽ ምን ይሠራለታል? መልሺልኝ።»

«ግቢ፣ ብርድ ነው።»

«አልገባም። መልሴን ደጅ ቆሜ ነው የምቀበለው።»

ሽርጧን አስተካከለች። «ማዳም እንግዳ ነበረባት። ኮንጄ ከየት አምጥቼ?» ፈቃድ ማለቷ ነው።

«ዋሸሽ። ማዳምሽን አሁን ከፊት በር ጠይቄያት ነው የመጣሁት። ፈቃድ ሰጥቻታለሁ፣ ጥቁር ለብሳ ወጥታ ነበር አለችኝ።»

ትርሲት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔም ጉልበቴ ስለማይችል አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ክሱን ግን አልተውኩም።

«ወጥቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ያለ አንቺ ለቅሶ ቤት ገብቼ አውቃለሁ? በር ላይ ስንደርስ 'አሁን አልቅሺ' የምትይኝ አንቺ ነሽ። 'ይበቃል ተነሺ፣ ቤተኛው ደክሞታል' የምትይኝም አንቺ ነሽ። ጣቢያ ድረስ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ባቡሩ ይመጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ ይሄዳል። ሌላው ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«ታዲያ ለምን አልተሳፈርሽም?»

«ስልኬን አውጥቼ እየደወልኩ ነበራ» አለች። «ላንቺ። የቱን ባቡር እንያዝ ብዬ ልጠይቅሽ።»